ያላለቀውን ዓሣ ፍለጋ፦ ሰባት ቀን በኒጋታ ተራሮች

አንደኛ ቀን፣ እሑድ፦ ከቶኪዮ ወደ ናጋኦካ

ቶኪ የተባለው ፈጣን ባቡር ከቶኪዮ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ያህል በሜዳ ላይ ከሮጠ በኋላ ተራራው ሥር ገባ። ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ካለው የዳይሺሚዙ ዋሻ ወጥተን ወደ ኒጋታ ክፍለ ሀገር ስንሻገር፣ ከጃፓን ባሕር የሚነሣው ደመና በተራሮቹ ወገብ ላይ ተኝቶ፣ የሩዙ ማሳ ታጭዶ፣ አገሩ ለበረዶ ሲሰናዳ አገኘሁት። ጊዜው የኦክቶበር መጨረሻ ነው። በዚህ ወቅት የኮይ አርቢዎች ክረምቱ ሳይደርስባቸው ዓሣቸውን ከተራራ ኩሬዎች ያወጣሉ፤ እኔም የመጣሁት ይህንኑ ለማየት ነው።

በሰሜን እስራኤል በሚገኝ አንድ ኪቡዝ፣ ማለትም የጋራ እርሻ መንደር፣ የዓሣ ኩሬዎች ላይ ከሠራሁ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ከእነዚህም ስምንቱን ያሳለፍሁት ትንንሾቹን ኮይ በመለየት ሥራ ነው። ኮይ የዝዋይ አሥጋሪዎች ካርፕ ከሚሉት ዓሣ ጋር ወገኑ አንድ ነው፤ ልዩ ያደረገው ሰዎች ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ለቀለሙ እየመረጡ ያራቡት መሆኑ ነው። ለዪው ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ጣት የሚያህሉ ዓሣዎችን አንድ በአንድ እያየ የሚቀረውንና የሚሄደውን ይወስናል፤ ለእያንዳንዱም ከጥቂት ሴኮንድ የበለጠ ጊዜ የለውም።

ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ ቀን በሁለት ዓሣዎች ላይ የሰጠሁት ፍርድ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። አንደኛው 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ነጩ እንደ ወተት የጠራ፣ ሦስቱ ቀይ ምልክቶቹ በመቀስ የተቆረጡ የሚመስሉ ዓሣ ነበር፤ ወደ ምርጦቹ ኩሬ አስገባሁት። ሁለተኛው ቀለሙ የደበዘዘ ብርቱካንማ፣ ጠርዙ ያልተለየ፣ ራሱ ሰፋ ያለ፣ ከጅራቱ ሥር ወፍራም ነበር፤ በጅምላ ለሚሸጠው ገንዳ ሰጠሁት። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቀይ ቀለሙ እየተሰነጣጠቀ ከ40 ሴንቲ ሜትር ብዙም ሳያልፍ ቀረ። ሁለተኛውን ግን በአንድ ደንበኛ ቤት ኩሬ ውስጥ አገኘሁት፤ በግራ ዓይኑ አጠገብ ባለች የምስር ፍሬ በምታህል ቀይ ነጥብ ለየሁት። 68 ሴንቲ ሜትር ደርሶ፣ ቀዩ ጠልቆና ጠርዙ ጠርቶ፣ በዚያ ኩሬ ካሉት ሁሉ በላይ ነበር። ያን ዕለት በእጄ ይዤው ሳለ ያላየሁት ነገር ምን እንደ ነበረ ለማወቅ የሦስት ዓመት ቁጠባዬን ይዤ መጥቻለሁ።

ሁለተኛ ቀን፣ ሰኞ፦ ኦጂያ

ኦጂያ ከናጋኦካ በአካባቢው ባቡር 20 ደቂቃ ያህል የምትርቅ፣ በጃፓን ረጅሙ ወንዝ በሺናኖ ዳር ያለች ከተማ ናት። ኒሺኪጎይ ኖ ሳቶ የተባለውን የኮይ ቤተ መዘክር ጠዋት ጎበኘሁ። ኒሺኪ በወርቅና በባለቀለም ሐር የተሸመነ ጨርቅ ማለት ነው፤ ኒሺኪጎይ ስንል እንግዲህ የዘቦ ልብስ የለበሰ ዓሣ ማለታችን ነው። ታሪኩ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ሃያ መንደር እየተባለ ይጠራ በነበረው በዚህ ተራራማ አካባቢ ነው። ገበሬዎቹ በበረዶ ተከበው በሚከርሙባቸው ወራት የሚበሉትን ጥቁር ካርፕ ለሩዝ ማሳቸው ውኃ በሚያጠራቅሙባቸው ኩሬዎች ያረቡ ነበር፤ ከእነዚያም መካከል አልፎ አልፎ ቀይና ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው ሲወለዱ ለይተው ማስቀመጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1914 በቶኪዮ ኡኤኖ በተካሄደው ታላቅ ዐውደ ርእይ ላይ ሲቀርቡ የቀረው ጃፓን አወቃቸው። ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሥራ ነው፤ ከጥቁር ዓሣ መካከል ገና ደብዛዛ የሆነ ቀይ ነጥብ አይተው፣ ከዚህ ምን ሊወጣ ይችላል ብለው ሳይበሉት ያቆዩት እነርሱ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ በሚቀጥሉት ቀናት ከሚያስተናግዱኝ አርቢ ጋር ተገናኘን። ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው፤ የናጋኦካ ተወላጅ የሆነች አስተርጓሚ ከጎናችን ነበረች። በመጀመሪያ ያስተማሩኝ ሁለት ቃላት ናቸው። ቶሳይ በዚህ ዓመት የተወለደ፣ የመጀመሪያ ዓመቱን ያልጨረሰ ዓሣ ነው። ታተጎይ ደግሞ ወደፊት የሚያድግበት ነገር በውስጡ ያለ፣ አርቢው ለመሸጥ የማይቸኩልበት ዓሣ ነው። ታተጎይ የሚለው ቃል ለመልኩ የሚሰጥ ምስጋና እንዳልሆነ ደጋግመው ነገሩኝ፤ ዛሬ እጅግ የተዋበ ሆኖ ታተጎይ ያልሆነ ዓሣ አለ፣ ዛሬ ለዓይን የማይሞላ ሆኖ ታተጎይ የሆነም አለ።

ሦስተኛ ቀን፣ ማክሰኞ፦ ያማኮሺ

ወደ ያማኮሺ የሚወስደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ በየመታጠፊያው እርከን በእርከን የተደረደሩ ኩሬዎች ይታያሉ፣ አንዳንዶቹ ከአንድ ቤት ግቢ አይበልጡም። ከመኪና ወርደን ወደ ኩሬው ከመቅረባችን በፊት ጫማችንን በመድኃኒት ነክረን እጃችንን ታጠብን። ካርፕንና ኮይን የሚጨርሰው የኮይ ሄርፒስ ቫይረስ በመጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 በእኛው በእስራኤልና በአሜሪካ በተነሡ እልቂቶች በመሆኑ፣ በ2003 ደግሞ ጃፓን በመድረሱ፣ ከእስራኤል ኩሬ የመጣ ሰው እዚህ ይህን ያህል ጥንቃቄ ቢጠየቅ ተገቢ ነው። የመጣሁበትን ልብስም ሆነ ጫማ ወደ ኩሬው ይዤ አልቀረብሁም።

ይህ ተራራ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2004 አመሻሹ ላይ በመጠኑ 6.8 በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታ። መንገዶቹ ሁሉ ስለተቆረጡ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉት የያማኮሺ ነዋሪዎች በሙሉ በሄሊኮፕተር ወጡ፤ ኩሬዎች ተሰነጠቁ፣ መብራት ጠፋ፣ ብዙ ዓሣም አለቀ። በኋላ ከተረፉት ዓሣዎች ከፊሎቹ እንደ ባለቤቶቻቸው በሄሊኮፕተር ተጓጓዙ። እናት ዓሣ ስትጠፋ የምትጠፋው አንዲት ዓሣ ብቻ አይደለችም፤ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የመጣ የአርባና የሃምሳ ዓመት ምርጫ አብሯት ይጠፋል። በናዳ የተገደበው ወንዝ የዋጣቸው የኮጎሞ መንደር ቤቶች ዛሬም ጣራቸው ሲታይ ሽማግሌው መኪናውን አስቁመው ዝም ብለው ቆዩ፤ እኛም ዝም አልን።

ኩሬው ውኃው እንዲጎድል አስቀድሞ ተከፍቶ ነበር። ስምንት ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው መረቡን ከዳር እስከ ዳር ዘርግተው ቀስ እያሉ ሰበሰቡ። እዚህ ኩሬ ውስጥ የነበሩት ሁለተኛ ዓመታቸውን የያዙ፣ ኒሳይ የሚባሉ ናቸው፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ገብተው አምስት ወር ያህል ሳይታዩ ቆይተዋል። እያንዳንዱ ዓሣ በሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ሲገባ የአርቢው ልጅ ከፕላስቲክ ፋይል ውስጥ ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት የተነሣውን ፎቶግራፍ እያወጣ ከጎኑ ያስቀምጣል።

ከጉዞዬ ሁሉ ይህችን ሰዓት የምተካበት ነገር የለኝም። የአምናው ፎቶና የዘንድሮው ዓሣ ጎን ለጎን ሲታዩ የአንድ ዓሣ አይመስሉም። በፎቶው ላይ ቀዩ ከጠርዙ ጎልቶ የነበረው አንዱ ዓሣ አሁን ቀዩ ሳስቶ ቅርፊቶቹ መካከል ነጭ መስኮት ከፍቷል። በፎቶው ላይ አንገቱ ቀጭን፣ ራሱ ከገላው የሚበልጥ፣ ምንም ውበት የሌለው የነበረው ሌላው ግን ዘንድሮ ትከሻው ሞልቶ 46 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ሃያ ሁለት ፎቶዎችን ከዓሣዎቹ ጋር አስተያየሁ። በአምናው ፎቶ ብቻ ብፈርድ ኖሮ ስንቱን እመርጥ እንደ ነበር ለራሴ በሐቅ ቆጠርሁ፤ ከአምናዎቹ ምርጦቼ ዘንድሮም የሚያኮሩት ሰባቱ ብቻ ነበሩ።

አራተኛ ቀን፣ ረቡዕ፦ አጥንት

ዛሬ ሥራው በግሪን ሃውሱ ውስጥ ነበር። ሽማግሌው ከአንዲት እናት የተወለዱ 12 ቶሳዮችን በአንድ ሳፋ ውስጥ አድርገው፣ ብርሃኑ ከሰማይ በቀጥታ እንዲመጣ ከደጅ አስቀምጠው፣ በደረጃ እንድደረድራቸው ጠየቁኝ። በቀለማቸው እየመዘንሁ ደረደርሁ። ምንም አልመለሱልኝም። ወደ ውስጥ ገብተው ሌላ ሳፋ አመጡ፤ በውስጡ አንዳችም ምልክት የሌለባቸው ነጭ ብቻ የሆኑ አምስት ዓሣዎች ነበሩ። እንዲህ ያሉት ብዙውን ጊዜ ገና በመጀመሪያው ምርጫ ይወገዳሉ፤ እርሳቸው ግን ልጃቸውን ለማስተማር ጥቂቶቹን በየዓመቱ ያስቀራሉ። «አሁን እነዚህን ደርድር» አሉኝ።

የማይበት ቀለም ሲጠፋ ዓይኔ መሄጃ አጣ፤ ቆይቶ ግን አጥንት ማየት ጀመረ። አንዱ ከዓይን እስከ ዓይን ያለው ስፋት ከሌሎቹ ይበልጣል፤ የሌላው አፍ ጠባብና ሹል ነው። አንዱ ከላይ ሲታይ ከትከሻው እስከ ጅራቱ ሥር ድረስ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ቀስ እያለ የሚጠብ ሲሆን፣ ሌላው ሆዱ ጎልቶ ከሆዱ በኋላ በድንገት ይቀጥናል። በዚህ ዕድሜ ድቡልቡል ብሎ ለዓይን የሚስብ ዓሣ ብዙ ጊዜ አጭር ሆኖ እንደሚቀር፣ ረዘም ብሎ ሥጋው ገና ያልሞላ፣ አጥንቱ ግን ሰፊ የሆነው ነገ ሥጋ የሚሸከምበት ቦታ እንዳለው አስረዱኝ። ጅራቱ የሚጀምርበት ክፍል ወፍራም መሆን አለበት፤ ዓሣው የሚዋኝበት ኃይል ከዚያ ነውና፣ እዚያ የቀጠነ ዓሣ ትልቅ ሲሆን ሚዛኑን ያጣል። የጎን ክንፎቹ ከገላው ጋር የተመጣጠኑ፣ ትልቅነታቸው ገና ከገላው ቀደም ያለ ቢሆን መልካም ነው።

አባቴ በጎንደር ገጠር ወይፈን ሊገዛ ገበያ ሲወጣ አብሬው እሄድ ነበር። ሻጮቹ የወይፈኑን ቀለም ሲያወድሱ እርሱ በመዳፉ ትከሻውን ይጫን፣ ኮቴውን ያይ፣ ከኋላው ቆሞ አረማመዱን ይመለከት ነበር። ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው፤ ያማኮሺ ከኮይ ቀጥሎ የምትታወቀው በበሬዎቿ ግጥሚያ ነው፣ ብዙ ዓሣ አርቢዎችም በሬ ያሳድጋሉ። የበሬና የዓሣ ዓይን አንድ ነው ብለው ወደ በረታቸው ወሰዱኝ፤ እኔም የአንዱን በሬ ትከሻ በመዳፌ ተጫንሁ።

ከዚያ ተመልሰን ጉድለት ፍለጋ ገባን። አከርካሪው ወደ አንድ ወገን የሚያደላ መሆኑ የሚታወቀው ዓሣው ቆሞ ሳለ ሳይሆን ቀስ ብሎ ሲዋኝ ነው፤ ጅራቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል ካልተወዛወዘ አንድ ነገር አለ። የመተንፈሻው ክዳን ያጠረ ወይም የተቀለበሰ፣ አፉ የተጣመመ፣ ከሆዱ ሥር ካሉት ሁለት ክንፎች አንዱ የጎደለው ዓሣ የቀረው ነገር ሁሉ ቢያምር እንኳ ይወጣል። ከሆድ ሥር ያሉትን ክንፎች ለማየት ዓሣውን በእርጥብ እጅ በቀስታ መገልበጥ ግድ ነው፤ እኛ ዘንድ በችኮላ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሥራ በመሆኑ፣ ስመለስ በመጀመሪያ የማስተካክለው ይህን ነው።

ከዚህ በኋላ 12ቱን እንደገና ደረደርሁ። የመጀመሪያው ዙር አንደኛዬ ወደ ዘጠነኛ ወረደ።

አምስተኛ ቀን፣ ኀሙስ፦ ቀይና ነጭ

ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አደረ። የዛሬው ትምህርት በነጭ ላይ ቀይ ብቻ ስላለበት፣ ኮሃኩ ስለሚባለው ዓሣ ነበር። አርቢዎች ሁሉን የሚጀምሩትም የሚጨርሱትም በእርሱ ነው፤ ሦስተኛ ቀለም የለውምና ጉድለቱን የሚሸፍንበት ነገር የለም።

ስለ ቀዩ የተማርሁት እስካሁን ከማምነው ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነው። በቶሳይነቱ የጠቆረ፣ ደም የሚመስል ቀይ ያለው ዓሣ ብዙውን ጊዜ ቀለሙን አስቀድሞ የጨረሰ ነው፤ በተለይ ወንዶቹ ቶሎ ይደምቃሉ፣ ቶሎም ይቆማሉ። የሚያድገው ቀይ ገና የበሰለ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል፣ ለስላሳ፣ ነገር ግን ከራስ እስከ ጅራት ውፍረቱ አንድ ዓይነት የሆነ ነው። እዚህ ላይ ስለ ቀለሙ ዓይነትና ስለ ውፍረቱ ለየብቻ መፍረድ ያስፈልጋል፤ ብርቱካንማ መሆኑ አያስፈራም፣ መሳሳቱ ግን ያስፈራል። ልዩነቱን ለማየት ሽማግሌው ዓሣውን በሳፋው ውስጥ ጥላ ወዳለበት ወገን አደረጉትና በእያንዳንዱ ቅርፊት መካከል ያለውን እንድመለከት አዘዙኝ። ወፍራሙ ቀይ ቅርፊቱን ከሥር ስለሚሞላው የቅርፊቱ ቅርጽ እምብዛም አይለይም፤ በቀጭኑ ግን የእያንዳንዱ ቅርፊት መሐል ፈዝዞ ይታያል፣ ዓሣው ሲለጠጥም መጀመሪያ የሚከፈተው በዚያ ነው። በሰሜን እስራኤል በእጄ የነበረው ደብዛዛ ዓሣ ቀዩ ብርቱካንማ ቢሆንም አልሳሳም ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ይህ ግልጽ ሆነልኝ።

ጠርዝም ሁለት ነው። ቀዩ በራስ በኩል የሚጀምርበት ጠርዝ ሳሺ ይባላል፤ እዚያ ነጩ ቅርፊት ቀዩን ስለሚደርበው በትንሽነቱ ብዥ ማለቱ የተፈጥሮ ነው፣ ቅርፊቱ ሲወፍር ይጠራል። በጅራት በኩል የሚያልቅበት ጠርዝ ኪዋ ግን ከአሁኑ የተለየ ሊሆን ይገባዋል። እኔ ሁለቱን በአንድ ዓይን እያየሁ፣ ፊቱ ብዥ ያለውን ሁሉ ስጥል ኖሬአለሁ። በቀዩ ውስጥ ጠቃጠቆ የሚመስሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉ፣ ሺሚ ይባላሉና እንደ ጉድለት ይቆጠራሉ።

ነጩን ማየት ከሁሉ ከበደኝ። ሽማግሌው ምልክቱ የሚታወስ ቢሆንም ዓሣውን የሚያከብረው ቆዳው ነው ይላሉ። ጥሩ ቆዳ ከውኃው ሲወጣ እርጥብ የሸክላ ሳሕን የሚመስል ወዝ አለው፤ መጥፎው እንደ ወረቀት ደረቅ ነው። በራስ ላይ ያለው ቢጫነት በቶሳይ ላይ ብዙ አያስጨንቅም፣ ከዕድሜ ጋር ይጠራል፤ የገላው ነጭ ቢጫ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ወዙን ከብርሃን ነጸብራቅ ለመለየት ሳፋውን ስንት ጊዜ እንዳዞርሁት አላውቅም፣ እስከ ማታ ድረስ ከአሥር አራቱን ያህል ተሳሳትሁ።

የምልክቱን ቅርጽ በመጨረሻ ያነሡት እርሳቸው ናቸው፣ ያውም በጥቂት ቃላት። በ15 ሴንቲ ሜትር ዓሣ ላይ የተመጣጠነ የሚመስለው ትንንሽ ምልክት ዓሣው 70 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ በነጭ ሜዳ ላይ እንደ ተበተነ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በትንሽነቱ ትንሽ የከበደ የሚመስል ምልክት ይመረጣል።

ስድስተኛ ቀን፣ ዓርብ፦ ጥቁሩና እናቲቱ

ሳንኬና ሾዋ ከቀይና ከነጭ ሌላ ሱሚ የሚባል ጥቁር የተጨመረባቸው ናቸው። ሾዋን በመጀመሪያ ያራቡት እ.ኤ.አ. በ1927 ሆሺኖ ጁኪቺ የተባሉ የዚሁ አገር ሰው ናቸው። የሾዋ ምርጫ ከሌሎቹ ሁሉ ይፈጥናል፤ እንቁላሉ በተፈለፈለ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ጫጩቶቹ ከቅንድብ ፀጉር ሳይበልጡ፣ ጥቁሮቹ ቀርተው ነጣ ያሉት ይወገዳሉ። ኮሃኩና ሳንኬ ግን የመጀመሪያው ምርጫ እስኪደርስላቸው ከአንድ ወር በላይ ይጠበቃሉ። ከአንዲት እናት የሚገኘው እንቁላል በመቶ ሺዎች ስለሚቆጠር፣ ከበጋው ምርጫዎች በኋላ ለመከር የሚቀረው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው።

ጥቁር የሚፈረደው ባለበት ሁኔታ አይደለም፣ በሚመጣበት ነው። በሳንኬ ቶሳይ ላይ ከነጩ ቆዳ ሥር ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ጥላ ይታያል፣ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ያለ ድንጋይ ይመስላል። በዚያ ጥላ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቅርፊት ብቻ እንደ ቀለም የተቀባ ዕንጨት ጠቁረውና አብረቅርቀው ከታዩ፣ የቀረው በዚያው ጥራት የሚወጣ መሆኑን ያመለክታሉ። ጥቁሩ ሁሉ ዛሬውኑ የወጣለት ግን የሚቀጥለው ላይኖር ይችላል። ማትሱኖሱኬ በሚባለው የሳንኬ ዘር ጥቁሩ በልጅነት ታይቶ ይጠፋና ከዓመታት በኋላ ይመለሳል፤ ይህን የማያውቅ ሰው በሁለተኛ ዓመቱ ሊጥለው ይችላል። በሾዋ ላይ ጥቁሩ በራስ ላይም ስለሚወጣ፣ በጎን ክንፎቹ ሥርም ስለሚገኝ፣ በቶሳይነቱ ክንፉን ሙሉ በሙሉ አጥቁሮት ቢታይ ከዕድሜ ጋር ወደ ሥሩ ሊሰበሰብ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚያደርሰን ወደ ዘሩ ነው። እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ የሚለውን አባባላችንን ለአስተርጓሚዋ ነገርኋት፤ እርሷም ለሽማግሌው ስትተረጉምላቸው ያለ አንዳች ቃል ተነሥተው ከግሪን ሃውሱ ጥልቁ ገንዳ ወሰዱኝ። የ12ቱ ቶሳዮች እናት እዚያ ነበረች። 80 ሴንቲ ሜትር ያለፈች፣ ትከሻዋ የተደላደለ፣ ቀዩዋ ከእርጅናዋ ጋር ያልደከመ። የእርሷን ራስ ካየሁ በኋላ የልጆቿን ራስ ስመለከት የትኞቹ እርሷን እንደሚመስሉ ራሱን ችሎ ታየኝ። አርቢው በየዓመቱ የአንድን እናት ልጆች ስለሚያይ፣ ቀለማቸው በስንተኛው ዓመት እንደሚጎላ፣ ቀዩ እንደሚዘልቅ ወይም እንደሚሰበር ያውቃል፤ እንደ እኔ ያለ ገዢ ግን ይህን በመጠየቅ ብቻ ነው የሚደርስበት። እስከ ዛሬ ለደንበኞቼ ስለ ዓሣው ስናገር እናቲቱን አንሥቼ አላውቅም።

ሴትነትና ወንድነትም ለነገው ከባድ ሚዛን አለው፤ ሴቶቹ ይበልጥ ይረዝማሉ፣ ይሰፋሉ፣ ቀለማቸውም ዘግይቶ ይበስላል። በቶሳይ ላይ ግን ፆታን በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 በመላው ጃፓን የኮይ ውድድር ላይ አንደኛ የወጣችው፣ በ2018 ደግሞ በ203 ሚሊዮን የን የተሸጠችው የሂሮሺማዋ ኮሃኩ ርዝመቷ 101 ሴንቲ ሜትር ነበር። እንዲህ ያለችው ዓሣም በአንድ መከር ላይ ከብዙ እኅቶቿ ጋር በአንድ ሳፋ ውስጥ ተመዝናለች፤ የመዘናት ሰው በዚያን ሰዓት ያየው ምን ነበር እያልሁ እስከ ሌሊት አሰብሁ።

ሰባተኛ ቀን፣ ቅዳሜ፦ ምርጫ

ተራራው ጫፍ ላይ የመጀመሪያው በረዶ ታየ። ሽማግሌው በሁለት ገንዳዎች ውስጥ ካሉት ወደ ሁለት መቶ ከሚጠጉ ቶሳዮች አንድ ብቻ እንድመርጥ፣ ለዚህም ግማሽ ቀን እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ። ከገንዘቤ ጋር የሚስማማ ዋጋ አስቀድመው ወስነውልኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሰዓት 30 ያህሉን ወደ ትንሽ መረብ ለየሁ፤ ይህን ጊዜ የሚዋኙበትን ሁኔታና የትከሻቸውን ስፋት ብቻ እያየሁ፣ ቀለም ላለማየት ዓይኔን እያስገደድሁ ነበር። ከ30ዎቹ በቆዳቸው ስምንት ቀሩ። እያንዳንዱን አንሥቼ ሆዱን፣ መተንፈሻውን፣ አፉን ተመለከትሁ፣ አንዱ ከሆዱ ሥር የግራ ክንፍ አልነበረውምና ሰባት ሆኑ። ሁለት ኮሃኩና አንዲት ሳንኬ ሲቀሩ እጄ ለረጅም ጊዜ በውኃው ውስጥ ቆየ። ከኮሃኩዎቹ አንዱ በሦስት ደረጃ የተሠራ ቀይ ነበረው፣ ከስድስት ዓመት በፊት ያለ ማመንታት ምርጥ ያልሁትን ዓሣ ይመስል ነበር። ራሱን ደግሜ ሳይ ከዓይን ወደ አፍ ቶሎ ይጠብባል። መለስሁት።

ሳንኬዋ 17 ሴንቲ ሜትር ናት። ራሷ ሰፊ፣ ጅራቷ ሥር ወፍራም ነው፤ ቀዩዋ የብርቱካን ልጣጭ መልክ ያለው ሆኖ እስከ ጅራቷ አቅራቢያ ውፍረቱ አይቀንስም፤ ከጀርባዋ በስተግራ ባለው ነጭ ሥር ግራጫ ጥላ ተኝቷል፣ በመካከሉም አንዲት ቅርፊት ብቻ ጠቁራለች። ከሁለት መቶው መካከል ለዓይን ፈጥና የምትታይ አይደለችም። ሽማግሌው በሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩና በትከሻዋ ላይ ያለችውን አንዲት ቅርፊት በጣታቸው አመለከቱኝ፤ ቀዩ እዚያ ላይ ከሌላው ሳስቷል፣ ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። «ይህ ይሞላ ይሆናል፣ ይከፈት ይሆናል» አሉ። ከዚያም እርሳቸው ቢሆኑ ዓሣዋን ለመጪው ግንቦት ኩሬ የሚያስቀሯት መሆኑን ተናገሩ።

ወደ እስራኤል ይዣት አልሄድም። እዚሁ በግሪን ሃውሱ ውስጥ ከርማ፣ በግንቦት መጨረሻ ወደ ጭቃው ኩሬ ወርዳ፣ በሚቀጥለው ኦክቶበር ከእኅቶቿ ጋር ትወጣለች፤ ሰዎች ዓሣቸውን እንዲህ ለአርቢ በአደራ የመስጠት ልማድ አላቸው። የአርቢው ልጅ ፎቶዋን አንሥቶ ቀኑንና ርዝመቷን ጻፈበት፣ አንዱን ቅጂ ለእኔ ሰጥቶ ሌላውን በፕላስቲክ ፋይሉ ውስጥ ከአምናዎቹ ኋላ አስገባው። ሽማግሌው ሳፋውን በገንዳው ጠርዝ ላይ ሲያዘነብሉት ለጥቂት ጊዜ ከወለሉ አጠገብ ቆመች፣ ከላይ ሆኜ ስመለከታት ቀዩዋ ጠፍቶ በጀርባዋ ላይ ያለው ግራጫ ጥላ ብቻ ይታየኝ ነበር፤ ከዚያም ከሌሎቹ መካከል ገባች።